ዓይናዲስ ያልተረጎመችው ቃል

የጠጠሩ መንገድ በሚያልቅበት በደሃና ወረዳ አንድ ጥግ አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ አለች። ዓይናዲስ እዚያ በጽዳት ሠራተኛነት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። የተቀጠረችው ወለል ልታጥብና ቆሻሻ ልታቃጥል ነው። አገሩ የሚያውቃት ግን በመወልወያዋ ሳይሆን በአፏ ነው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲጣሉ፣ ሐዘንተኛ እህል አልቀምስም ሲል፣ "ኧረ ዓይናዲስን ጥሩልን" ይባላል። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች፤ ትቀመጣለች፤ ትንሽ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ትጀምራለች። ሰውየው ሳይወድ በግዱ ይለዝባል።

ማባበልን የለመደችው ገና በልጅነቷ ነው። አባቷ ቁጡ ነበር። እጁን አያነሳም፤ ነገር ግን የተቆጣ ቀን ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ አይኖርም። ያኔ እናቷ ከልጆቿ ሁሉ ትንሿን ዓይናዲስን ከጀርባዋ ገፋ አድርጋ፣ "ሂጂ፣ አባትሽን አባብይልኝ" ትላታለች። ልጅቱ ሄዳ ጉልበቱን ታቅፋ፣ "አባዬ፣ አፈር ስሆን፣ ለኔ ስትል ተወው" ትላለች። ቃሉ የእናቷ ነው፤ እንደ ዳዊት አስጠንታታለች። አባትየው መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል፤ ቀጥሎ ትንፋሹን ይለቃል፤ በመጨረሻ እጁን ራሷ ላይ ያሳርፋል። ቤቱም አብሮት ይተነፍሳል። ገና በስድስት ዓመቷ አንድ ነገር ገባት፤ እሷ ስትናገር ቁጣው ይበርዳል፣ ልቅሶውም ያባራል። ቁጣው ከየት እንደመጣ፣ ልቅሶው ስለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ጸጥ ካለ ይበቃ ነበር።

እያደገች ስትሄድ እያንዳንዱን ቃል በየቦታው ማዋል ቻለችበት። "አፈር ስሆን" ለሽማግሌና ለቁጡ ነው፤ ራስን ከእግሩ ሥር ማንጠፍ ስለሆነ ረግጦ የሚያልፍ አይገኝም። "በሞቴ" ለሐዘንተኛና ለእንግዳ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው "ሞትሽ አይገደኝም" እንዳለ ስለሚቆጠር ሳይርበውም ይጎርሳል። "እኔን!" ለወደቀ ልጅ ነው፤ እሱም ሳይቀድሙ ሳይዘገዩ፣ ልክ አፉን ለልቅሶ ሲከፍት። "አይዞሽ" ግን ለሁሉም ይሆናል። ከሰዉ ጋር የምታወራው በእናቷ ቋንቋ በኽምጣና ቢሆንም "አይዞሽ" የምትለው ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር። የቆላዎቹ ሴቶች ሌላ አማርኛ ባያውቁ ያቺን ቃል ያውቋታል።

የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ዓለምነህ ከጎጃም የመጣ ወጣት ነው። ሰዉ ዶክተር ይለዋል። ሥራውን ይወዳል፣ ሰዓት ያከብራል፤ ኽምጣና ግን አያውቅም። ወንዶቹ አብዛኞቹ በአማርኛ ይግባባሉ፤ ከታች ከቆላው ከሚመጡት ሴቶች ግን ብዙዎቹ ከሰላምታ አያልፉም። እናም በሩን ከፈት አድርጎ፣ "እትዬ ዓይናዲስ፣ እስኪ ነይማ" ይላል። እሷ እጇን በሽርጧ አድርቃ ትገባለች።

የምትተረጉመው በራሷ መንገድ ነበር። እሱ "መድኃኒቱን አቋርጣ ነው የባሰባት፤ የራሷ ጥፋት ነው በያት" ሲል፣ እሷ "መድኃኒቱን ብትጨርሺው ዶክተር ደስ ይለዋል" ትላለች። "እንዲህ ቆሽሾ ቁስል ይድናል?" ሲል፣ "ለብ ባለ ውሃ እጠቢው፣ ቶሎ ይሽርልሻል" ትላለች። ሴቶቹ እየመረቁት ይወጣሉ። አንድ ቀን፣ "ኽምጣና እንዴት ያለ ለስላሳ ቋንቋ ነው! ስቆጣ እንኳ ይስቁልኛል" አላት። ሳቀች እንጂ ምንም አልመለሰችም። ልቧ ግን በኩራት ሞቀ።

ከዕለታት አንድ ዓርብ፣ ኅዳር ሲጋመስ፣ ለተጊዮርጊስ የምትባል እናት የሰባት ዓመት ልጇን ሶስናን በአህያ ጭና ከቆላው አራት ሰዓት ተጉዛ መጣች። ልጅቱ የማሽላ ወፍ ስትጠብቅ ከማማው ላይ ወድቃ ቀኝ እጇ ተሰብሮ ነበር። የአገሩ ወጌሻ በሸንበቆ ደግፎ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አስሮላታል። ከታሰረ ሁለት ቀኑ ነው። ልጅቱ ሁለቱንም ሌሊት ስትጮህ አድራ፣ ዛሬ ግን ዝም ብላለች። ከማሰሪያው የወጡት ጣቶቿ ጠቁረው አብጠዋል።

ዓለምነህ ጨርቁን በመቀስ ቆርጦ ፈታው። ጥፍሯን ጫን አድርጎ ለቀቀው። የደሙን መመለስ ጠበቀ፤ ጠበቀ፤ ፊቱ ተለወጠ።

"እትዬ ዓይናዲስ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህን በደንብ ንገሪያት። ማሰሪያው ደሙን ዘግቶታል። ዛሬውኑ ሰቆጣ ካልደረሰች እጇ ይቆረጣል፤ አሁንም ዘግይቷል። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ሄዷል፣ ከሰዓት ይመለሳል። እስኪመጣ ከዚህ ግቢ እንዳትወጣ። ቤቷ እንዳትሄድ።"

ለተጊዮርጊስ አማርኛውን ባትሰማም ፊቱን አይታ ነበር። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቁልቁል ተንሸራተተችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። የነጠላዋን ጠርዝ አፏ ውስጥ ከትታ ማልቀስ ጀመረች። እናቷን ያየችው ሶስናም ተከተለቻት። ዓይናዲስ የሰው እንባ አትችልም። ሰው ሲያለቅስ ስታይ እንደምንም ብላ ካላስቆመችው አይሆንላትም። አጠገቧ ተቀመጠችና ትከሻዋን ይዛ፣ "እኔን! እኔን ያድርገው! አይዞሽ" አለቻት።

ልትነግራት አስባ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ትምላለች። "ይቆረጣል" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ሴትዮዋ ግን ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ ውስጥ ያለውን ፍርሃት ስታይ ቃሉ ተመልሶ ወረደ።

"ማሰሪያው ትንሽ ጠብቆባት ነው" አለቻት በኽምጣና። "ዶክተር ፈትቶላታል። ሰቆጣ ዋና ሐኪም ስላለ ወረቀት ይጽፍልሻል፣ መኪናም ይወስድሻል። አይዞሽ፣ ምንም አትሆን።"

"እጇ ደግ ነው?"

"ደግ ነው።"

ለተጊዮርጊስ እንባዋን ጠረገች። እናቷ ዝም ስትል ልጅቱም ዝም አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

"እንዲያ ከሆነ" አለች ለተጊዮርጊስ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "የሚጠባውን ልጅ ጎረቤት ጥዬው ነው የመጣሁት። ባሌም የለ፣ ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል። ቤቴን አሰናድቼ ሰኞ ልምጣ?"

ይህን ጥያቄ መመለስ የነበረበት ዓለምነህ ነው። አንድ ቃል ወደ አማርኛ ብትመልሰው ኖሮ እሱ ከወንበሩ ዘሎ ይነሳ ነበር። ነገር ግን በሩ ላይ ስድስት ሰው ቆሞ ያስላል። እሱ እጁን እየታጠበ፣ "ገባት?" አለ።

"ገባት፣ ዶክተር።"

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞር ብላ፣ "ደግ ነው፣ ቤትሽን አሰናድተሽ ነይ" አለቻት።

ዓለምነህ እናቲቱ ራሷን ነቅንቃ ስትነሳ አየ። "አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር!" አላት ዓይናዲስን፤ ወረቀቱንም ጽፎ ለእናቲቱ ሰጣት። ወዲያው ምጥ የጠናባት ሴት መጣችና እስከ ማታ ከዚያ ክፍል አልወጣም። አምቡላንሱ በዘጠኝ ሰዓት ሲመለስ ሹፌሩ በሽተኛዋን ፈለገ። ዓይናዲስ ከግቢው ጀርባ ቆሻሻ እያቃጠለች ነበር። "ሰኞ ትሄዳለች" አለችው፤ እሱም ሊበላ ሄደ። ሊመሽ ሲል ዓለምነህ ላቡን እየጠረገ ወጣና፣ "ያቺ ልጅ ሄደች?" ብሎ ጠየቃት።

"ሄደች" አለችው።

ውሸት አልነበረም፤ ልጅቱ ሄዳለች። ወዴት እንደሄደች ግን እሱ አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችውም።

ሰኞ ጠዋት ለተጊዮርጊስ ቃሏን ጠብቃ መጣች። ልጅቱን ከአህያው ሲያወርዷት ሽታው ቀድሞ ደረሰ። ዓለምነህ ጨርቁን ገልጦ አየ። ራሱ አምቡላንሱ ውስጥ ገብቶ ልጅቱን አቅፎ እስከ ሰቆጣ ወረደ። በማግስቱ ማክሰኞ የሶስና ቀኝ እጅ ከክንዷ በታች ተቆረጠ።

ሐሙስ ዕለት ዓለምነህ ተመለሰ። ስለ ነገሩ ለበላዮቹ መጻፍ ነበረበት። ዓይናዲስን ጠራት፤ መወልወያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

"እትዬ ዓይናዲስ፣ ያን ዕለት ያልኩሽን ሁሉ ነግረሻታል?"

ሰው እውነት ለመናገር የሚያገኘው ጊዜ አንዳንዴ አንድ ትንፋሽ ነው። እሷም ያን ያህል ጊዜ ነበራት።

"ነግሬያታለሁ።"

"ይቆረጣል ብለሻታል? ቤትሽ እንዳትሄጂ ብለሻታል?"

"ብያታለሁ፣ ዶክተር።"

እሱ ጭንቅላቱን ይዞ፣ "ታዲያ እንዴት ጥላ ትሄዳለች? ምን ዓይነት እናት ናት?" አለ። ዓይናዲስ መወልወያዋን ይዛ ወጣች። ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ነገሩ በዚያ ቢቆም ኖሮ ምናልባት ውጣው ትኖር ነበር። የሚቀጥለው እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንደተሰበሰበ ዓለምነህ ስለ ጤና እንዲናገር ተፈቀደለት። ሐዘኑና ንዴቱ አልወጣለትም ነበር። "አንዲት እናት" አለ፣ "ልጅሽ ዛሬ ካልደረሰች እጇ ይቆረጣል ተብላ ተነገራት። እሷ ግን ቤቷን መረጠች።" ስም አልጠራም። ግን በአካባቢው እጇ የተቆረጠ ልጅ አንዲት ብቻ ናት። ለሴቶቹ በኽምጣና የምትተረጉመው ደግሞ ዓይናዲስ ነበረች። በሕዝቡ መካከል ቆማ ቃል በቃል ተረጎመችው። ሰውን ሁሉ ስታለሳልስ የኖረችው ሴት ያን ዕለት አንዲት ቃል አላለሳለሰችም። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ፣ "ተነግሯት! ወላድ አይደለችም እንዴ?" አለች። ዓይናዲስ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

ጥር ላይ አንድ ቀን ግማሽ ቅል ማር ይዛ ወደ ቆላው ወረደች። ለራሷ "ላጽናናት ብዬ ነው" አለች። በእውነት ግን ምን ልታደርግ እንደምትሄድ አታውቅም ነበር። እንቅልፍ ካጣች ሁለት ወር ሆኗታል።

ስትደርስ ሶስና ደጁ ላይ ተቀምጣ የግልገል ገመድ በአንድ እጇና በጥርሷ ልትቋጥር ትታገላለች። ቀና ብላ አይታት ፈገግ አለችና ወደ ገመዱ ተመለሰች። ለተጊዮርጊስ ከቤት ወጥታ ሁለቱን ጉንጮቿን ሳመቻት፤ ቁርበት አንጥፋ አስቀመጠቻት። ከስታለች። ደሞዝ የሚባለው ባሏ ከሰሊጥ አጨዳ ተመልሶ ነገሩን ሰምቷል፤ በቤቱ ውስጥ ከእህል ጉዳይ በቀር አያነጋግራትም ነበር።

"መምጣትሽ ደስ ብሎኛል" አለቻት። "በዚያ ቀን ደግ ፊት ያሳየሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።"

ዓይናዲስ ማሩን አቀበለቻት።

"ተነግሯታል ይላሉ" ቀጠለች ለተጊዮርጊስ። "ደሞዝም ይለኛል፣ ውኃ ስቀዳም ይሉኛል። እኔ ግን ትዝ አይለኝም። ሁለት ሌሊት ከልጅቱ ጋር አልተኛሁም ነበርና ጆሮዬ ዘግቶ ይሆናል። ነግረሽኝ ነበር አይደል?"

ዓይናዲስ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ምላሷ ያልቻለውን አንገቷ አደረገው።

ለተጊዮርጊስ ይህን ስታይ ከተቀመጠችበት ወርዳ ተንበረከከች፤ እጇን ወደ ዓይናዲስ ጉልበት ዘረጋች። "እንግዲያ አፉ በይኝ" አለች። "አንቺ ደክመሽ ነግረሽኝ እኔ ባለመስማቴ ስምሽን አስነሳሁ። በዶክተሩም ፊት አሳፈርኩሽ። አፉ በይኝ፣ እኅቴ።"

ዓይናዲስ ደነገጠች። ደንግጣም የምታውቀውን አደረገች። ክንዶቿን ይዛ እያነሳቻት፣ "ተይ፣ በሞቴ ተነሺ" አለች። "አይዞሽ። አልተቀየምኩሽም።"

ለተጊዮርጊስ አለቀሰች፤ ቀለል አላት። ዓይናዲስ የቀረበላትን የማሽላ ቂጣ ሳትቀምስ ተነስታ ወጣች።

ዳገቱን ስትወጣ "አልተቀየምኩሽም" የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ይጮህ ነበር። ማን ነው ማንን ይቅር ያለው? የልጅቱን እጅ ያሳጣችው እሷ፤ የውሸቱን ቃል የሰጠችው እሷ፤ ያቺን ሴት በሕዝብ ፊት ያዋረደችው እሷ። ይህ ሁሉ ሳይበቃት እግሯ ሥር አንበርክካ ምሕረት ሰጠቻት። ፊቷ ነደደ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች፣ "እንዴት ዋልሽ ዓይናዲስ" ሲሏት ነፋስ እንደበዛበት ሰው ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ አለፈች። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ቢያያት የሚያየው የምታጽናና ሴት ነው። ያ ነበር ከሁሉ ያቃጠላት።

በነጋታው ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ኪዳኑ ሄደች። ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። "አባ፣ ይፍቱኝ" ብላ ተደፋችና ከአምቡላንሱ ጀምራ እስከ ቁርበቱ ድረስ ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸው ሳያቋርጧት ሰሟት።

"ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ "ለኔ ነግረሽኛል፤ እግዚአብሔርም ሰምቷል። ያቺ ሴት ግን አልሰማችም።"

"አባ፣ እንዴት ብዬ ልንገራት? በምን ቃል ልጀምር?"

"ቃል ስትመርጪ አይደል እንዴ እዚህ የደረስሽው" አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ዓይናዲስ ግን ከጅራፍ በላይ ተሰማት። "ሽማግሌ ይዤ አብሬሽ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ግን ሐኪሙ ይወቅ።"

ዓለምነህ ሲሰማ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "ለምን?" አለ። "ለምን ትዋሺኛለሽ?"

"አለቀሰች፣ ዶክተር። ስታለቅስ ጊዜ አልቻልኩም።"

"እኔ እኮ ያቺን ሴት በሕዝብ ፊት . . ." አልጨረሰውም። መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጣት። ሲመለስ ድምፁ ወርዶ ነበር። "አራት ዓመት እዚህ ኖሬ 'እጅሽን አሳዪኝ' ማለት እንኳ አልተማርኩም። ሴቶቹ ሲስቁልኝ አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።"

ዓይናዲስ "አይዞዎት" ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

ቅዳሜ ዕለት መምሬ ኪዳኑ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ዓለምነህና ዓይናዲስ ወደ ለተጊዮርጊስ ቤት ወረዱ። ደጁ ሲደርሱ ዓይናዲስ በአገሩ የይቅርታ ደንብ ድንጋይ አንስታ ማጅራቷ ላይ ተሸከመች፤ ጎንበስ ብላም ገባች። ለተጊዮርጊስ ግራ ገብቷት ተነሳች። ደሞዝ እህል የሚሰፍርበትን ቁና አስቀምጦ ቆመ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ።

ዓይናዲስ እንዳጎነበሰች ተናገረች። "ዶክተር በዚያ ቀን ዛሬውኑ ካልሄደች እጇ ይቆረጣል ብሎ ነበር። እኔ አልነገርኳትም። ቤትሽን አሰናድተሽ ነይ ያልኳት እኔ ነኝ፤ እሱ አላለም። ሲጠይቀኝም ነግሬያታለሁ ብዬ ዋሸሁ። ባለፈው መጥቼም እዚሁ ቤት ዋሸኋት።"

ደሞዝ ወደ ሚስቱ አየ፤ ሁለት ወር ሙሉ ያላያትን አስተያየት አያት፤ ከዚያም ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። "አንቺ ሴትዮ" አለ ወደ ዓይናዲስ ዞሮ፣ "እኔን ከገዛ ሚስቴ ጋር . . ." ወጥቶ ደጅ ቆመ።

ሽማግሌዎቹ ሥራቸውን ጀመሩ። አንደኛው ወደ ለተጊዮርጊስ ጠጋ ብሎ፣ "ልጄ፣ አፈር ስንሆን፣ ይህን ሽበት እይልን" አለ። ሁለተኛው፣ "በሞታችን፣ ድንጋዩን አውርጂላት። ይቅር ለእግዚአብሔር በይ" አለ። ለተጊዮርጊስ እንደ ግድግዳ ቆማለች። ሽማግሌዎቹ እየተፈራረቁ ቃሉን አበዙት፣ አጣፈጡት። ዓይናዲስ እያንዳንዱን ቃል ታውቀዋለች፤ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣና ሴትዮዋ በስንተኛው ላይ እንደምትሸነፍም ታውቃለች። የለተጊዮርጊስ ከንፈር መንቀጥቀጥ ሲጀምር አየች።

"አታባብሏት!" አለች።

ሽማግሌዎቹ ዞሩ። መምሬ ኪዳኑም ቀና አሉ።

"እባካችሁ፣ አታባብሏት። እኔ አባብዬያት ነው እዚህ ያደረስኳት። ካልወደደች አትበል።" ድንጋዩን ማንም ሳያወርድላት ራሷ አወረደችና ከደጁ ውጪ አስቀመጠችው። እንዲህ ያለ ነገር በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። አንደኛው ሽማግሌ ተቆጥቶ በትሩን አንስቶ ወጣ።

ያኔ ለተጊዮርጊስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። "አለቀስኩ ብለሽ ነው?"

"አዎ።"

"እያለቀስኩም እሄድ ነበር እኮ" አለች። "እንባዬ እግሬን አያስርም። እያለቀስኩም እሄድ ነበር።"

ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ዓይናዲስ በዕድሜዋ የሰማችው ስድብና እርግማን ብዙ ነው፤ እንደዚህች ቃል የገባባት ግን አልነበረም። ያን ቀን ሴትዮዋን ከድንጋጤ ያዳነቻት መስሏት ነበር። ያዳነችው ራሷን ነበር፤ የሰው እንባ ማየት ያቃታትን ራሷን።

ዓለምነህ በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ግቢ ቆሞ የተናገረውን መለሰ። "የተናገርኩት ልክ አልነበረም፤ እናቲቱ አልተነገራትም" አለ። ማን እንዳልነገራት ሊናገር አልፈለገም። ዓይናዲስ ግን ተነስታ በሁለቱም ቋንቋ ተናገረችው። ሴቶቹ በዚህ ጊዜ ከንፈራቸውን አልመጠጡም፤ ዝም ብለው አዩዋት። መንገዱ ተከፍቶላት ብቻዋን ወጣች።

ከሥራ አልተባረረችም፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ጤና ጣቢያው ይታየሽ የምትባል ኽምጣና የምትናገር ወጣት ነርስ አገኘ። ዓለምነህም ከይታየሽ ጋር በምሳ ሰዓት እየተቀመጠ በደብተር ቃላት መጻፍ ጀመረ፤ ሲናገር ሴቶቹ አሁንም ይስቃሉ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን በአነጋገሩ ነው። ዓይናዲስን ለእርቅ የሚጠራት ሰው አነሰ። ልቅሶ ቤት ትሄዳለች፤ ትቀመጣለች፤ ሰዉ አንድ ነገር እንድትል ሲጠብቅ ዝም ትላለች። አንዳንዶች ኩራት ይሉታል።

ደሞዝና ሚስቱ ሰላም ወርዶላቸው ሶስናን ትምህርት ቤት አስገቧት። በግራ እጇ ትጽፋለች፤ ፊደሏ ወደ አንድ ጎን ይዘማል ይላሉ። ለተጊዮርጊስ "ይቅር ለእግዚአብሔር" የሚለውን ቃል እስካሁን አላለችም። መምሬ ኪዳኑ አንድ ጊዜ ሊያነሱባት ፈልገው ዓይናዲስ ራሷ ከለከለቻቸው።

ባለፈው ሰኔ እናትና ልጅ ለልጅቱ ሳል መጥተው ከይታየሽ ክፍል ሲወጡ ዓይናዲስ ኮሪደሩን እያጠበች ነበር። ወለሉ ገና እርጥብ ነው። ሶስና ላለመርገጥ ጠርዙ ላይ ቆመች። ከኋላዋ እናቷም ቆመች። ዓይናዲስ ባልዲዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋችና፣ "እለፉ፣ ግድ የለም፣ እለፉ" አለች።

አለፉ። ለተጊዮርጊስ አጠገቧ ስትደርስ፣ ለማያውቋት መንገደኛ እንደሚባለው፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አለቻት። ቆም ግን አላለችም። የልጇን ግራ እጅ ይዛ በግቢው በር ወጣች።